ኮረብታው የት ሄደ

"ኮልተን ሂል" ይሉታል፤ ኮረብታ ማለት ነው፤
ዞሮ ለፈለገ ግን ሜዳ ነው ያለው።
ዳገት የለው፣ ጉብታ የለው፣ ብስክሌት ነጂ እንኳ አያለከልክም፤
እንግዳ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም።

ኮረብታውን አባቴ በአካፋ ነው የበላው፣
እሱና መሰሎቹ፦ ማልታዊው፣ አይሪሹ፣ ከካላብሪያ የመጣው።
ሸክላውን ቆፍረው፣ በእሳት ጠብሰው፣ ጡብ አድርገው፣
ቀድሞ በጋሪ፣ ኋላ በካሚዮን፣ ሜልቦርን አራገፉት ጭነው።
የፖስታ ቤቱ ግድግዳ፣ የማዋለጃው፣ የቢራ ፋብሪካው ጭስ መውጫ፣
የእኔ ሰፈር ኮረብታ ነው፣ ቆሞ የሚያድር ያለ መቀመጫ።

አባቴ ካርምኑ ዜራፋ ከጎዞ ደሴት በመርከብ መጥቶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የማታ ፈረቃ ሠራ፣ ከእቶን አፍ ገብቶ።
ሲሞት መሀረቡ ላይ የቀረው አቧራ ቀይ ነበር እንደ ጡብ፤
"ድርሻውን ይዞ ሄደ" አለች እናቴ፣ ያለ ማልቀስ፣ ያለ ማሰብ።

ጡብ ፋብሪካው ተዘጋ። የቀረን ጉድጓድ ነው፣
ካቴድራል ከነደወሉ ቢገባበት የማይሞላው።
ማዘጋጃ ቤቱም መከረና የከተማውን ቆሻሻ አዘዘበት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተደፋበት፦
የተሰበረ ማቀዝቀዣ፣ የመኪና ጎማ፣ የሰርግ ቀሚስ፣
የዱልሲ ሃንራሃን ፒያኖ፣ ሁለት ጥርሱ የወለቀ፣ የማይጠገን፣ የማይለቀስ።
የላክነው ኮረብታ ጥራጊ ሆኖ ተመለሰ፤
በዓይነት ባይሆን በሚዛን፣ ዕዳችን ተካሰ።

አፈር ለበሰ፣ ሣር በቀለበት፤ ዳር ዳሩን ቤት ተሠራ፤
ግሪኮች ገቡ፣ ሊባኖሶች፣ ከዚያ ቬትናሞች፣ በየተራ።
መሀሉ የኳስ ሜዳ ሆነ፤ ኳሳችን እንቁላል ነው ቅርጹ፣ በእጅም ነው በእግርም፤
ሜዳው ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ ዳኛ ግን አያየውም።
በመጨረሻው ሩብ ቁልቁል እንድንመታ፣ ዕጣ ሲወጣ እንጸልያለን፤
እንግዳው ቡድን "ነፋስ ነው" ይላል፤
እኛ ዝም እንላለን።

ፓርኩ ሲመረቅ እትዬ ቨርሊን ተጋበዙ፣
የምድሩ ጥንተ ወገን፣ ፀጉረ ነጭ፣ ቀይ ኮት የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ።
ከንቲባው "እንኳን ደህና መጣችሁ ይበሉን" ብሎ ማይክ ሰጣቸው።
ዝም አሉ።
ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፣ ቀጥ አድርገው።
"አያቶቼ ከዚያ ላይ ነበር ወንዙን የሚያዩት፤
እግራቸው እዚያ ነበር" አሉ፣ ባዶ አየር ላይ እየጠቆሙት።
ሁላችንም አንጋጠጥን። ጥቁርና ነጭ ወፍ አለፈች፣
በማይታየው አፋፍ ላይ ያረፈች መስላ ዘገየች።
በዚያ ቀን ብስኩቱ ማንንም አልጣፈጠው።

እኔ ስንጥቅ ደፋኝ ነኝ። እንጀራዬ ከዚህ ጉድጓድ ነው።
በጋ ሸክላው ሲደርቅ ግድግዳው ሁሉ አፍ አለው፤
ክረምት ሲርስ ይገጥማል። በመሀሉ ጄሶዬን ይዤ እዞራለሁ፤
በየቤቱ ስንጥቅ በኩል የሰው ኑሮ አያለሁ፦
ስታቭሮስ ከሚስቱ የደበቀው የሎተሪ ትኬት፣
የቡሽራ ልጆች ብይ ሳይገፋ የሚንከባለልበት፣
ያ ማዕዘን።
ጉድጓድ የሚለውን ቃል ብትሰነጥቀው ጉድ ይወጣል፣ ጓድም ይወጣል፤
ይህን ስንጥቅ ግን በምን ጄሶ ማን ይደፍናል?

ትናንት ወይዘሮ ሊየን ቤት ገባሁ። ሦስቱን ደፈንኩ።
አራተኛው ጋ ስደርስ "እሱን ተወው" አለችኝ፤ ቆምኩ።
ከስንጥቁ ጎን በእርሳስ መስመር አለ፣ ቀን አለ፣ የሠላሳ ዓመት።
"እዚህ ሲደርስ ድንብላል እዘራለሁ" አለች በጣቷ እየነካችው፣ በዝግታ፣ በርጋታ፣ ያለ ፍርሃት፤
"እዚህ ሲደርስ ማሞቂያ አበራለሁ።
ይህቺ ባሌ የሞተ ቀን ናት። ከዚህች አልፎ ተከፍቶ አያውቅም፤
እጠብቃለሁ።"

ጄሶዬ ባልዲው ውስጥ ደረቀ።
የሦስቱን አስከፈልኳት፤
ለአራተኛው
እርሳሷን ቀረጽኩላት።